የጠመንጃ ባለቤት አደራ



በአገራችን ጠመንጃ ስለሚባለው ንዋየ ሐቅል ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተፎክሯል። የተነገረው ሁሉ ግን ጠመንጃው ስለሚተኮስበት ሰዓት፣ ባለቤቱ ከጠላቱ ፊት ለፊት ስለሚቆምበት፣ ጀግናውም ከፈሪው ስለሚለይበት ቀን ነው። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ነገር ከዚህ የተለየ፣ አዝማሪ ያልገጠመለትና ፎካሪ ያላነሣው ነው፤ ይኸውም ጠላት በሌለበት፣ ጦርነት ባልተነሣበት፣ ቤተ ሰቡ ራቱን በልቶ በሰላም በሚተኛበት ሌሊት ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ ከበሩ ጥግ ተደግፎ ወይም ከአልጋው ሥር ተጋድሞ ስለሚያድረው ጠመንጃ ነው።

እንዲህ ሆኖ የሚያድረው መሣሪያ አንድ ቀን በሕፃን እጅ ወይም በጎረምሶች ቀልድ መካከል ባርቆ ሰው የገደለ እንደ ሆነ፣ ለለቅሶ የሚመጣው ጎረቤት «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ ምን ይደረጋል» እያለ ሐዘንተኛውን ያጽናናዋል። ለማጽናናት የሚነገረውን ቃል እኔ አልነቅፍም፤ ልቡ ለተሰበረ ሰው በዚያ ሰዓት ከዚህ የተሻለ ቃል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን የማጽናኛው ቃል እየተለመደ ሲሄድ የፍርድ ቃል ሆኖ በመቀመጡና ቸልተኛው ሰው ጥፋቱን ሁሉ በሰይጣን ላይ ጥሎ ነጻ የሚወጣበት በር በመሆኑ፣ ባለፈው ዓመት በአንዱ ቤት የደረሰው መከራ ዘንድሮ በጎረቤቱ ቤት ይደገማል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርቴ አንዲት ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ የጠመንጃ ባለቤት ዕዳ የሚጀምረው ከየት ነው? ምላጩ ከተሳበበት ቅጽበት ነውን? ወይስ ከዚያ አስቀድሞ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ ካስቀመጠበት ሰዓት? እኔ ዕዳው የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው ባይ ነኝ፤ የምናገረውም ሁሉ ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

ይህ ሐሳብ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ከሕገ ኦሪት ጀምሮ የቆየ ፍርድ ነው። በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ተዋጊ በሬ የተደነገገውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በሬው የመዋጋት ጠባይ ሳይኖረው ድንገት ሰው ወግቶ የገደለ እንደ ሆነ በሬው በድንጋይ ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። በሬው ከቀድሞ ጀምሮ ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተመስክሮበት፣ እርሱ ግን ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው የሞተ እንደ ሆነ የደሙ ዕዳ ወደ ባለቤቱ ይተላለፋል፤ ካሳ ካልተወሰነለትም በሞት ይቀጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይህ ባለቤት ማንንም አልወጋም፤ በሬውንም በሰው ላይ አልነዳም፤ ምናልባትም በዚያ ሰዓት ከገበያ ወይም ከእርሻው ላይ ነበረ። የተፈረደበት ስላደረገው ነገር ሳይሆን ሳያደርገው ስለ ቀረው፣ ማለት በረቱን ስላልዘጋ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ምክንያቱም ሰው ከዚያ ወድቆ የሞተ እንደ ሆነ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሁለቱንም ሕግ ያየ ሰው ቸልታ ራሱን የቻለ ኃጢአት መሆኑን ለመረዳት ሌላ ሐተታ አያስፈልገውም።

በሬ እንኳ ተዋጊነቱ እስኪታወቅ ድረስ ገራም ይባል ይሆናል። ጠመንጃ ግን ተዋጊነቱ ያልታወቀበት ቀን የለውም፤ ከመጀመሪያው ለመግደል ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የጠመንጃ ባለቤት «አላወቅሁም፤ አልተነገረኝም» የሚልበት በር መሣሪያውን በእጁ ካስገባበት ቀን ጀምሮ የተዘጋ ነው።

የዛሬውም ሕጋችን ከዚህ መንገድ አልወጣም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ከእጁ አምልጦ፣ ባልታሰበም ሁኔታ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ በቁጥር 2069 የሚፈነዳ ወይም መርዝነት ያለው ነገር በማከማቸት ወይም በመጠቀም ሌላውን ሰው ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሁሉ ተጠያቂ ነው ይላል፤ በቁጥር 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ኀላፊ ያደርገዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 543 በቸልተኛነት ሰው መግደልን እንደ ወንጀል ይቀጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። እነዚህ ሕጎች ሁሉ መልካምና አስፈላጊ ናቸው፤ ሆኖም ዳኛ ቸልተኛውን መቅጣት፣ ካሳም ማስከፈል ይችላል እንጂ የሞተውን ሕፃን ለእናቱ መመለስ አይችልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት የምንችለው በአያያዙና በአጠባበቁ ብቻ ነው።

ወደ አያያዙ ከመግባቴ በፊት ግን ልማዳችን ከየት እንደ መጣ የሚያሳየንን አጭር ታሪክ ላንሣ። አያቶቻችን በዐድዋ ዘመን ከያዟቸው ጠመንጃዎች መካከል እጅግ የታወቀው ውጅግራ ነበር። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳዮች ለጦራቸው ያወጡት፣ የአፉ ስፋት 11 ሚሊሜትር የሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ተኳሹ ያችን አንዲት ጥይት ካወጣ በኋላ ጠመንጃው በእርግጥ ባዶ ነው፤ መዝጊያውን ከፍቶ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚፈራው ነገር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ በጀርመኑ በማውዘር ሥርዓት የተሠሩት፣ በተለይም ከቤልጅግ አገር የመጡት ጠመንጃዎች አምስት ጥይት በሆዳቸው የሚይዙ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራው ክላሽንኮቭ ደግሞ በአንድ ካዝና 30 ጥይት ይሸከማል፤ አንዱን በተኮሰ ቁጥርም ተከታዩን ጥይት ያለ ሰው እርዳታ ራሱ ይጎርሳል። እንግዲህ መሣሪያው ከ1 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 30 ሲሻገር የቤታችን ልማድ ግን በውጅግራው ዘመን ቆሞ ቀረ። ጠመንጃን ከምሰሶ መስቀል፣ «ጥይቷን አውጥቻታለሁ» ብሎ ማመን፣ ለእንግዳ አንሥቶ ማሳየት፣ ይህ ሁሉ አንዲት ጥይት ለሚጎርሰው መሣሪያ ምናልባት ይበቃ ነበር፤ ለዛሬው ግን አይበቃም።

የልማዱን አለመብቃትም ጥይት በማውጣቱ ሥራ ላይ በግልጽ እናየዋለን። ብዙ ሰው የክላሽንኮቩን ካዝና ነቅሎ «ባዶ ነው» ይላል፤ ነገር ግን ካዝናው ሲነቀል አስቀድማ ወደ መጉረሻው የገባችው ጥይት በዚያው ትቀራለች፤ ሰውን የምታታልለውም ይህችው በዐይን የማትታየዋ አንዲት ጥይት ናት። ሌላው ሰው ደግሞ አስቀድሞ መዝጊያውን ስቦ የጎረሰችውን ጥይት ካወጣ በኋላ ካዝናውን ይነቅላል፤ ይህም ሰው አንዲቱን ሲያወጣ ሁለተኛይቱን ከካዝናው አጉርሶ ነውና ከፊተኛው አይሻልም። ትክክለኛው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ አፈ ሙዙን ሰውም እንስሳም ወደሌለበት፣ ቢቻል ወደ አፈር መልሶ፣ ጣትን ከምላጩ አርቆ መያዝ፤ ቀጥሎ ካዝናውን መንቀል፤ ከዚያ የመጠበቂያውን ቁልፍ ከፍቶ መዝጊያውን ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻው መሳብ፤ በመጨረሻም መዝጊያውን ወደ ኋላ እንደ ተሳበ ይዞ መጉረሻውን በዐይን ማየት፣ ጨለማ ከሆነም በትንሿ ጣት መዳሰስ። በቤልጅጉ ጠመንጃ የጥይቱ ማደሪያ ከመሣሪያው ሆድ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ የመጨረሻዪቱ ጥይት እስክትወጣ ድረስ መዝጊያውን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት፣ ከዚያም ሆዱንና መጉረሻውን መመልከት ያስፈልጋል። የዚህ ሥራ ቅደም ተከተል እንደ ቅዳሴ ሥርዓት ነው፤ የኋለኛው ወደ ፊት፣ የፊተኛው ወደ ኋላ የሄደ እንደ ሆነ የተደረገው ሁሉ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥርም የሚሰጠው ሰው ከፍቶና አሳይቶ ይስጥ፤ የሚቀበለውም እንደ ገና ራሱ ይመልከት። ወንድሙ አሁን በፊቱ ያየውን እርሱ ደግሞ ቢያይ ንቀት ወይም አለማመን ተደርጎ አይወሰድበት፤ ገንዘብ የተቀበለ ሰው መልሶ ቢቆጥር የሚቀየመው የለምና።

ስለ አያያዙ ጠቅላላ ሥርዓት በአሜሪካ የባሕር ወታደሮች ጦር መኮንን የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1976 በአሪዞና የተኩስ ትምህርት ቤት ያቋቋመው ጄፍ ኩፐር ሲያስተምር በአራት ቃል ጠቅልሎታል፤ የርሱም አነጋገር በየአገሩ የተኩስ መምህራን ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል። እኔ በአገራችን ኑሮ እየተረጐምሁ ላቅርበው።

ፊተኛው ጠመንጃ ሁሉ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ ይቆጠር የሚለው ነው። ባዶነቱን ባረጋገጥህበት በዚያው ደቂቃም ቢሆን እንደ ጎረሰ አድርገህ ያዘው፤ ለጎረሰው አንድ ጠባይ፣ ለባዶው ሌላ ጠባይ ያለው ሰው አንድ ቀን ሁለቱን ያምታታቸዋልና።

ሁለተኛው አፈ ሙዙን ልታጠፋው ወደማትፈቅደው ነገር አታዙር ይላል። በገጠራችን መንገደኛው ጠመንጃውን በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ አጋድሞ፣ እጆቹንም በላዩ ጥሎ መሄድ የሚያምር ልማድ አለው፤ ሆኖም እንዲህ ሲሄድ አፈ ሙዙ ከጎኑ ወደሚሄደው ባልንጀራው ያነጣጥራል፤ ዞር ባለ ቁጥርም የኋለኛውን መንገደኛ ግንባር ይጠርጋል። አፈ ሙዙ ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት እንዲያመለክት በማንገቻው ማንገት ይሻላል። በቤት ውስጥም ቢሆን የጭቃ ግድግዳና የእንጨት በር ለዐይን መጋረጃ ናቸው እንጂ ለጥይት ከለላ አይደሉም፤ ከግድግዳው ማዶ ማን እንደ ተኛ ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛው ዐይንህ ከዒላማው ላይ ሳያርፍ ጣትህን ወደ ምላጩ አታስገባ የሚል ነው። ሰው ሲደናቀፍ፣ ሲደነግጥ ወይም በአንድ እጁ አንዳች ነገር አጥብቆ ሲይዝ የሌላውም እጁ ጣቶች ሳያስበው አብረው ይጨበጣሉ፤ ይህ ከፈቃድ ውጭ የሆነ የሰውነት ጠባይ ስለ ሆነ በብልኅነትም ሆነ በጀግንነት አይድንም። መድኃኒቱ ጣትን ከምላጩ ቀለበት ውጭ፣ በእንጨቱ ጎን ላይ ዘርግቶ ማኖር ብቻ ነው።

አራተኛው ዒላማህንና ከዒላማህ በስተጀርባ ያለውን እወቅ ይላል። ከክላሽንኮቭ አፍ የምትወጣ ጥይት በአንድ ሴኮንድ 715 ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ይህም የድምፅን ፍጥነት ሁለት እጥፍ ያልፋል። እስከ 1500 ሜትር ድረስ ሰው የመግደል ኃይል አላት፤ እስከ 3000 ሜትርም ትበራለች። በጨለማ ኮሽታ ሰምቶ «ጅብ ነው፤ ሌባ ነው» ብሎ ወደ አጥሩ የሚተኩስ ሰው፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤቱ ቤት፣ ከዚያም ማዶ ያለው መንደር ሁሉ በጥይቱ መንገድ ላይ መሆኑን ይወቅ። ኮሽታውንም ያሰማው ውሃ ልትደፋ የወጣች የገዛ ልጁ ልትሆን ትችላለች።

በዚህ በአራተኛው ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም በሠርግ፣ በክርስትናና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስ በብዙ አውራጃዎች ክብር ሆኖ ይታያልና። ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ሰማይ ውስጥ አትቀርም። አሜሪካዊው የጦር መሣሪያ ሊቅ ጁሊያን ሃቸር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለ ተደረገው ምርመራ እንደ ጻፈው፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ የተተኮሰች የጠመንጃ ጥይት ስትመለስ በአንድ ሴኮንድ እስከ 90 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ትወርዳለች፤ የሰውን ቆዳ ለመብሳት ደግሞ ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ይበቃል። ይህም እጅግ የቀለለው አደጋ ነው። በዘፈንና በእልልታ መካከል የሚተኩስ ሰው መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ አይዝምና፣ ጋደል ብላ የተተኮሰችው ጥይት ከዚህ የበለጠ ኃይል እንደ ያዘች ከሠርጉ ቤት ርቃ፣ ስለ ሠርጉ ምንም በማያውቅ ሰው ግቢ ታርፋለች። የቆርቆሮ ጣሪያም ሆነ የሣር ክዳን አይመልሳትም። ተኳሹም ማንን እንደ ገደለ ሳያውቅ፣ በዚያው ምሽት ጠጁን እየጠጣ ሙሽራውን ይመርቃል። በዚህ ላይ የጠመንጃ ተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል የሚበልጥ ስለ ሆነ በአጠገቡ የቆሙትን ሕፃናት ጆሮ ለዘለዓለም ሊጎዳ ይችላል። ደስታን ለመግለጽ እልልታ አለ፤ ከበሮ አለ፤ እምቢልታ አለ፤ እልልታ እስከ ዛሬ የገደለው ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አጠባበቁ እመለሳለሁ። ሕጉ አጭር ነው፤ ጠመንጃ ያለው ቦታ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይም በባለቤቱ እጅ፣ ወይም በቁልፍ ውስጥ። ሦስተኛ ቦታ የለውም። ከምሰሶው ላይ፣ ከቆጡ ላይ፣ ከጎታው ኋላ፣ ከፍራሹ በታች፣ እነዚህ ሁሉ መደበቂያ ናቸው እንጂ መጠበቂያ አይደሉም። አባት የደበቀውን ነገር የማያውቅ ልጅ የለም፤ ሕፃናት ቀኑን ሙሉ በቤት የሚውሉ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ የሚፈትሹ መርማሪዎች ናቸውና። ልጅ ትንሽ ስለ ሆነ ምላጩን ለመሳብ ኃይል የለውም ብሎ መታመንም ከንቱ ነው፤ ጠመንጃውን ወደ ራሱ አዙሮ በሁለት አውራ ጣቱ የገፋው እንደ ሆነ ይበቃዋል። «ልጄን አስጠንቅቄዋለሁ» የሚል አባትም መልካም አደረገ፤ ነገር ግን ምክር የልጁን አእምሮ ይጠብቃል እንጂ ለመጫወት የመጣውን የጎረቤት ልጅ አይጠብቅም።

ሀብት ላለው ሰው ከግድግዳው ጋር በብሎን የተያዘ የብረት ቁም ሣጥን የተሻለ ነው። ሀብት ለሌለውም መንገዱ አልተዘጋበትም። ከወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ በብረት ጠፍር የተጠፈረ፣ ከቤቱ ዋና ምሰሶ ጋር በሰንሰለት የታሰረና ጓጉንቸር ያለው ሣጥን ለአንድ ጠመንጃ ይበቃል። ይህም ባይገኝ ጥይቱ የወጣለትን ጠመንጃ መዝጊያውን ከፍቶ፣ ሰንሰለቱን በተከፈተው መጉረሻና በካዝናው ቀዳዳ አሳልፎ፣ ከምሰሶው ጋር በጓጉንቸር መቆለፍ ይቻላል፤ ሰንሰለቱ በዚያ እስካለ ድረስ መዝጊያው ሊዘጋ፣ ጥይትም ሊገባ አይችልም። ሰንሰለቱን በምላጩ ቀለበት ብቻ ማሳለፍ ግን አይገባም፤ ሲጎተት ምላጩን ሊስበው ይችላልና። ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ፤ ሁለቱም ቁልፎች ከባለቤቱ አካል አይለዩ። ከበሩ መቃን በላይ የሚቀመጥ ቁልፍ እንደሌለ ይቆጠራል።

ጥይት ከምድጃና ከኩራዝ የራቀ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ጭስ አልባው ባሩድ በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ እርጥበትም ናሱን ያሻግተዋል። በተለይ ግን የጎረሰ ጠመንጃ በቤት ውስጥ የማይገባበትን ሌላ ምክንያት ልንገራችሁ። ቤት የተቃጠለ እንደ ሆነ በሣጥን ያለ ጥይት ቀለሁ ይፈነዳል እንጂ እርሳሱ ሩቅ የመሄድ ኃይል አያገኝም፤ የጎረሰ ጠመንጃ ግን መጉረሻው በጋለ ጊዜ ማንም ሳይነካው ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይተኩሳል፤ እሳት ለማጥፋት የሮጠውንም ጎረቤት ሊገድል ይችላል።

የጽዳቱ ነገር ደግሞ ከአጠባበቁ አይለይም። የአሮጌ ጥይቶችና የብዙዎቹ የጦር ጥይቶች ማቀጣጠያ ሲቃጠል በአፈ ሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨውም የአየሩን እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። ጨው በዘይት ስለማይሟሟ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ፣ ከዚያ በስሱ ዘይት መቀባት ይገባል። ከጽዳቱ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ጥይቱንም ከሥራው ቦታ ማራቅ የግድ ነው፤ ከጽዳቱም በኋላ የእርሳስ ብናኝ መርዝ ስለ ሆነ እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ አይገባም። ጭቃ ወይም ጨርቅ በአፉ ውስጥ የቀረበት ጠመንጃ ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል፤ ጉዳቱም በተኳሹ ፊትና እጅ ላይ ነው። ምላጩ ተስቦ ጥይቷ ሳትተኮስ የቀረች እንደ ሆነም ቢያንስ 30 ሴኮንድ ያህል አፈ ሙዙን ከሰው አርቆ መቆየት እንጂ ወዲያው ከፍቶ መመልከት አይገባም፤ ዘግይታ ልትፈነዳ ትችላለችና።

ከብረቱ ወደ ሰውየው እንለፍ። ጠላና አረቄ ያለበት ሰው ጠመንጃ መንካት የለበትም፤ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ማስረዳት የሚያስፈልገው መንካቱን እንዴት እንደምናስቀር ነው፤ እርሱም ጠጁ ሳይቀዳ፣ አእምሮ በቦታው ሳለ መሣሪያውን መቆለፍ ነው። ከዚህ የከበደ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰው በጽኑ ሐዘን፣ በዕዳ፣ በውርደት ወይም በሕመም ተይዞ ተስፋ ሲቆርጥ በገዛ ራሱ ላይ እጁን ለማንሣት ያስባል። የዚህ ሐሳብ ብርታት ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ያ ሰዓት ካለፈ ሰውየው ከወዳጆቹና ከሐኪም ጋር ለመነጋገር፣ ለመኖርም ይበቃል። ጠመንጃ ግን ለጸጸት ጊዜ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅትም ራስን ከመግደል ለመከላከል ከሚመክራቸው መንገዶች አንዱ መግደያው በቀላሉ እንዳይገኝ ማድረግ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ የተከፋ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የተለየ ሰው ያያችሁ እንደ ሆነ ቁልፉን ሌላ የታመነ ሰው እንዲይዘው አድርጉ፤ ካስፈለገም መሣሪያውን ለጊዜው ለፖሊስ አስረክቡ። ይህ ሰውየውን ማዋረድ አይደለም፤ ነፍሱን ማትረፍ ነው።

«ሌባ ወይም ባለደም በሌሊት ቢመጣብኝ የተቆለፈ ጠመንጃ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም፤ በሩቅ አገር፣ ዳኛና ዘበኛ በሌለበት ቦታ የሚኖር ሰው ሥጋት እውነተኛ ሥጋት ነው። መልሴ ግን ይህ ነው። ከብት ለመጠበቅ ወይም ዘብ ለመቆም የወጣ ሰው መሣሪያውን በእጁ ይዟልና ከተናገርሁት ሕግ አልወጣም፤ በፊተኛው ቦታ ላይ ነው። በቤቱ የተኛው ሰውም ቁልፉ ከአንገቱ፣ ሣጥኑ ከአልጋው አጠገብ ከሆነ፣ መክፈቱንም በጨለማ ከተለማመደ የሚዘገየው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም ጋር አንዱን ነገር ከሌላው ጋር መመዘን ይገባል፤ ባለደሙ የሚመጣው ምናልባት በዕድሜ አንድ ቀን ነው፤ ሕፃኑ ግን በዚያ ቤት በየቀኑ አለ። ሌባም አዋቂ ነው፤ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ሳይሆን ሁሉም ለእርሻና ለገበያ በወጣበት ሰዓት መጥቶ መጀመሪያ የሚወስደው ያንኑ ያልተቆለፈውን ጠመንጃ ነው፤ በዚያም ጠመንጃ ነገ ሌላ ሰው ይገድላል። ለመከላከያ የተገዛው መሣሪያ የሌባ ስንቅ ይሆናል ማለት ነው።

በመጨረሻ ይህ ትምህርት በወሬ እንዳይቀር ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ዕድሮቻችን ስለ ድንኳንና ስለ ድስት ደንብ እንዳላቸው ሁሉ ስለ ጠመንጃም ደንብ ያውጡ፤ በሠርግና በለቅሶ ቤት የሚመጣውን መሣሪያ አንድ የማይጠጣ ሽማግሌ ተቀብሎ፣ ጥይቱን አስወጥቶ፣ በአንድ ክፍል ቆልፎ ይጠብቅ፤ ወደ ሰማይ የተኮሰም መቀጮ ይክፈል። የንስሐ አባቶችም የንስሐ ልጆቻቸውን ስለ ሠሩት ኃጢአት ሲጠይቁ ሳይሠሩት ስለ ቀሩት ነገር ይጨምሩ፤ «ጠመንጃህን የት ታኖረዋለህ? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?» ብለው ይጠይቁ። እናንተም ዛሬ የሰማችሁኝ፣ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ መሣሪያችሁን ፈትሻችሁ፣ ጥይቱን አውጥታችሁ ቆልፉት፤ ሣጥኑም ከሌላችሁ በፊታችን ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ ሰንሰለትና ጓጉንቸር ግዙ። ዋጋው ከአንድ የለቅሶ ድግስ ዋጋ ያንሳል።